ክቡርነታቸውን የቀበርን ቀን

ድልድያችን ሦስት ጊዜ ተመርቋል። መጀመሪያ ክቡር ኦጉቱ የምክር ቤት አባል ሆኖ በተመረጠ ሰሞን መጥቶ የመሠረት ድንጋይ አስቀመጠ። ቀጥሎ አሮጌዎቹን ሳንቃዎች ሰማያዊ ቀለም አስቀብቶ ሪባን ቆረጠ። በሦስተኛው ስሙ በትልቁ የተጻፈበት የብረት ሰሌዳ አመጣ፤ ሰሌዳውን በሲሚንቶ አስተከለው፣ ድልድዩን ግን በዚያው በአሮጌ ሽቦው ላይ ተንጠልጥሎ ተወው። እኛም አጨበጨብን። ምን እናድርግ፣ ጭብጨባ ለምዶብናል።

እኔ ኒያር ሳክዋ እባላለሁ። የክርስትና ስሜ ሌላ ነው፤ ነገር ግን እኛ ዘንድ ያገባች ሴት በመጣችበት አገር ነው የምትጠራው፣ እኔም የሳክዋ ልጅ ነኝ። ባሌ ኦሉዌኒ ይባል ነበር። ብስክሌቱ ላይ ቲማቲም ጭኖ ወንዙን እየተሻገረ ገበያ የሚያደርስ፣ ሲስቅ ጎረቤት የሚሰማው፣ ሲናደድ ደግሞ ዝም የሚል ሰው ነበር። አንድ የገበያ ቀን ጠዋት፣ ዝናብ ወንዙን ሞልቶት ሳለ፣ ድልድዩ መሀል ላይ እንደደረሰ ሽቦው ተበጠሰ።

የተረፉ አሉ። አስከሬናቸው የተገኘም አሉ። አናጢያችን ኦዋላ ክንዱ ተሰብሮ በሕይወት ወጣ። ኦሉዌኒ ግን አልተገኘም። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ይዘው ወንዙ ሐይቁ ውስጥ እስከሚገባበት ድረስ ፈለጉት፤ ያገኙት ብስክሌቱን ብቻ ነው። እኔ በየቀኑ ዳር ቆሜ እጠብቅ ነበር። በመጨረሻ የመንደራችን ሽማግሌ ጃዱኦንግ ኦዴሮ ደጄ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ልጄ፣ በቃ" አሉኝ። "ያጎ ይቆረጥ።"

ያጎ ከዛፉ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያድግ፣ የሰው ጭን የሚያህል ከባድ ፍሬ ነው። አይበላም። ውሃ ወስዶ ያልመለሰውን፣ ርቆ ሄዶ የጠፋውን ሰው በእሱ እንቀብራለን። ፍሬው ሰውየው ነው። ይለቀስለታል፣ ጉድጓድ ይማስለታል፣ ሚስቱም ፀጉሯን ትላጫለች። ያጎ ከተቀበረለት በኋላ ሰውየው ሞቷል፤ ነገ በእግሩ እየሄደ ቢመጣ እንኳ ፍሬው ወጥቶ፣ በግ ታርዶ፣ እሱም እስኪነጻ ድረስ የእናቱን አጥር አያልፍም። እኛ በዚህ አንቀልድም። ቤተ ክርስቲያን የምንሄደውም የማንሄደውም አንቀልድም።

ኦሉዌኒዬን በሰማያዊ ሸሚዙ ጠቅልዬ ቀበርኩት። የእሑድ ሸሚዙ ነበር፤ ኮሌታው ተበልቶ በእጄ ገልብጬ ሰፍቼለት ነበር። መቃብሩ ዙሪያ ከወንዙ ያመጣሁትን ነጭ ድንጋይ ደረደርኩ፣ አበባም ተከልኩ። መስቀል አልነበረውም፤ አናጢው ኦዋላ ክንዱ እስኪድን "ሌላ ሰው እንዳይሠራው፣ አብረን ነው የወደቅነው" ብሎ ስለለመነኝ ጠበቅኩት።

አሁን እንግዲህ ክቡርነታቸውን የመፈለጉ ነገር መጣ።

ሰው ሊገድለው አልፈለገም። እንዲመጣ ብቻ ነው የተፈለገው። መጥቶ፣ ወንዙ ዳር ቆሞ፣ የድልድዩ ገንዘብ የት እንደገባ እንዲናገር፣ ለሟቾቹም "አጥፍቻለሁ" እንዲል። ቢሮው ስንሄድ "መስክ ወጥቷል" ይሉናል። መስክ ላይ ስንጠይቅ "ናይሮቢ ነው"። ናይሮቢ ዘመድ ያለው ሲያስጠይቅ "ለልምድ ልውውጥ ውጭ አገር ሄዷል"። ምን ልምድ እንደሚለዋወጥ እግዜር ይወቅ፤ የእኛን ልምድ የሚፈልግ አገር ያለ አይመስለኝም። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ይዘጋል። አንድ ቀን በሬዲዮ ሰማነው። "ምርመራ እየተካሄደ ስለሆነ አስተያየት አልሰጥም" አለና አስተያየት ሰጠ፦ "ለማንኛውም ያ ድልድይ የተሠራው ለሰው ነው፣ ለብስክሌትና ለቲማቲም አይደለም።"

ሬዲዮኑን አጠፋሁት።

ስብሰባ ተጠራ። ድንኳን ተተከለ፣ ለእሱ የሚሆን ባለመደገፊያ ወንበር ፊት ለፊት ተቀመጠ፣ ፀሐይ እያቃጠለችን ዋልን። አልመጣም። የቀበሌው ሹም የይቅርታ ቃል አነበበና ክቡርነታቸው የላኩትን ዣንጥላ አደለን፤ በእያንዳንዱ ዣንጥላ ላይ ፊቱ ታትሟል፣ ይስቃል። ዝናብ ባሌን ወሰደው፣ እሱ ዣንጥላ ላከልኝ።

በሚቀጥለው ገበያ ቀን ከወንዙ ወዲህ ጀልባ እየጠበቅን ተቀምጠን ነበር። ዓሣ ሻጯ ፓሜላ፣ ምላሷ ቢላዋዋን የሚያስንቅ ጓደኛዬ፣ ዓሣዋን እየገፈፈች ጀመረች።

"እናንተ፣ ይሄ ሰውዬ ግን አለ?"

"ዣንጥላው ላይ አለ" አላት አንድ ሞተር ሳይክል ነጂ።

"እኮ! ቢሮው ፈለግነው፣ የለም። ቤቱ ፈለግነው፣ የለም። በቴሌቪዥን ምክር ቤቱን ሲያሳዩ እንኳ አይቻለሁ፣ ወንበሩ ባዶውን ነው። ተፈልጎ ተፈልጎ የታጣ ሰው ምን ይደረጋል?"

"ያጎ ይቆረጥለታላ!" አለ ሞተረኛው።

የሳቅነው ሳቅ! እኔ ራሴ ከኦሉዌኒ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ሳቁ በረደ፣ ሰው እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ። ሁላችንም አንድ ነገር ነበር የምናስበው፣ ሁላችንም ፈራን።

ጃዱኦንግ ኦዴሮ ምርኩዛቸውን አንስተው መሬቱን መቱ። "ይሄ ጨዋታ አይደለም። በሕይወት ያለን ሰው!"

"በሕይወት ያለ ሰው ሲጠሩት አቤት ይላል፣ አባባ" አለች ፓሜላ።

"ያጎውን የምትቆርጠው እናቱ ናት" አሉ ሽማግሌው። "እናቱ ካልቆረጠች የቀበራችሁት ፍሬ ነው፣ ሰው አይደለም።" ይህን ያሉት ነገሩ እንዲቀር ብለው ነው፤ የትኛዋ እናት እሺ ትላለች?

እናቱ እኛው መንደር ናቸው። ዳኒ ጄኔሮዛ እንላቸዋለን፤ ዳኒ አያት ማለት ነው፣ የሁላችንም አያት ናቸው። ልጃቸው ከጎጇቸው ጎን ባለፎቅ ቤት ሠርቶ፣ በከፍተኛ ግንብ አጥሮ፣ ዘበኛ አቁሞ ቆልፎታል። ቁልፉን ለእናቱ እንኳ አልሰጠም። ስንደርስ በቆሎ እየፈለፈሉ ነበር። እንዲያባርሩን እየጠበቅን፣ አንዱ በአንዱ ጀርባ እየተደበቀ፣ ነገሩን ነገርናቸው። የተናገረችው ፓሜላ ናት፤ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ።

ዳኒ ጄኔሮዛ እጃቸው ላይ የነበረውን በቆሎ ፈልፍለው ጨረሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ኒያር ሳክዋ፣ ባልሽ በደጄ ባለፈ ቁጥር ቲማቲም ይጥልልኝ ነበር። 'ዳኒ፣ የተጨፈለቀው ነው፣ አይሸጥም' ይለኛል። አንድም ቀን የተጨፈለቀ አልሰጠኝም።"

አለቀስኩ።

"ለቀብሩ ና ብዬ ልጄ ጋ ደወልኩ" አሉ። "ስኳር ላከልኝ። በሾፌር። ሾፌሩን 'እናቱን ምን በላት አለህ?' ብለው 'ምንም' አለኝ።" ጎንበስ ብለው ፍርፋሪውን ከቀሚሳቸው አራገፉ። "ልጅ ነበረኝ። በዚህ አጥር ወጥቶ ሄደ። ወንዝ ወሰደው ናይሮቢ ወሰደው፣ ለእኔ ምን ልዩነት አለው? ከጓዳው ኋላ ያለው ዛፍ አፍርቷል። ገጀራ አምጡ።"

"ጄኔሮዛ!" አሉ ጃዱኦንግ ኦዴሮ፤ እኩዮች ናቸው። "አስበሽበታል? አንድ ልጅሽ ነው። ነገ ስትሞቺ አፈር የሚያለብስሽ አታገኚም።"

"አሁንስ አለኝ?"

ዳኒ በራሳቸው እጅ ቆረጡት። ፍሬው ሲወድቅ መሬቱ ላይ ያሰማው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ዳኒ እላዩ ላይ ወደቁና ሆዳቸውን ይዘው ጮኹ፤ የእናት ጩኸት እንጂ የይስሙላ አልነበረም። በቀልድ የመጣን ሁሉ ቀልዱ ጠፋብን።

የት ይቀበር? ሰው የሚቀበረው በግቢው ነው፣ የእሱ ግቢ ግን በቁልፍ ነው። "እኔ ጋ ይቀበር" አልኩ። ጃዱኦንግ ኦዴሮ "የሰው ሬሳ በሰው ግቢ?" ብለው ተቆጡ። "ከኦሉዌኒ አጠገብ" አልኳቸው። "እኛ ጠይቀን አልመለሰልንም። ኦሉዌኒ ይጠይቀው።" ከዚያ በኋላ የተከራከረኝ የለም።

የምርጫ ጊዜ ባደለን፣ ፊቱ በታተመበት ጨርቅ ጠቅልለን አወረድነው። አፈር ከመመለሱ በፊት ደንባችን ነው፣ ሟቹን የሚያውቅ ሁሉ ይናገራል። እየወጣን ተናገርን። የጤና ጣቢያዋ ነርስ መድኃኒቱ የት ሄደ አለችው። አንድ አባት ለልጆቹ ትምህርት የተባለው ድጎማ ለምን ለአክስትህ ልጆች ብቻ ደረሰ አለው። ፓሜላ ስለ ዓሣ ማቀዝቀዣው ቤት ጠየቀችው፤ ጣሪያ አለው፣ መብራት የለውም። የሚሰድብ አልነበረም። እኔ ተራዬ ሲደርስ "ሽቦው አርጅቷል ብለው ሰዎች ነግረውህ ነበር፣ ታውቅ ነበር?" አልኩት። ብቻ ይህን። ጉድጓዱ ዝም አለ። ግን እኮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይነሳ፣ ስልክ ሳያወራ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠን።

የመንደሩ ልጆች በስልክ ቀርጸውት ኖሮ ወሬው ካገሩ ዳር ዳር ደረሰ። ናይሮቢ ያሉት ሳቁ አሉ። እሱ ግን የሳቀ አይመስለኝም። ሱፍ ቢለብስ፣ እንግሊዝኛ ቢናገር፣ የዚህ መንደር ልጅ ነው፤ ያጎ ምን እንደሆነ ያውቃል። መኪናው ተገለበጠች አሉ፣ እንቅልፍ አጣ አሉ፣ እውነት ይሁን ውሸት እንጃ። ብቻ አንድ ጠዋት አቧራው ተነሣ፣ ጥቋቁር መኪኖች ተሰልፈው መጡ፣ ከኋላቸው የፖሊስ ፒክአፕ፣ ፒክአፑ ላይ ደግሞ ነጭ በግ።

ለሞቱት ሰዎች ያልመጣው ለፍሬ መጣ።

ወንዙን ዞር ብሎ አላየውም። በቀጥታ እናቱ ጋ ሄደ። አጥሩ መግቢያ ላይ ግን ቆመ፤ ማለፍ ፈራ። "እማ!" ብሎ ተጣራ። ደጋግሞ ተጣራ። ዳኒ ጄኔሮዛ በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት። አንድ ሙሉ መንደር ያን በር ሲዘጋ ሰማ።

ከዚያ እኔ ግቢ መጣ። ፖሊሶቹ ዙሪያውን ቆሙ። ከሩቅ ቀበሌ ያስመጣው የማላውቀው ሽማግሌ በጉን በገመድ ይዞ ተከተለው። ሰው ተሰበሰበ። ከኋላ "ድልድዩስ?" የሚል ድምፅ ተነሣ።

"ድልድይ የምሠራው እኔ ነኝ?" አለ ክቡር ኦጉቱ። "የመንገድ መሥሪያ ቤት አለ፣ አስተዳዳሪ አለ፣ ተቋራጭ አለ። ጉዳዩ ደግሞ ምርመራ ላይ ነው። እዚህ የመጣሁት ለግል ጉዳዬ ነው።"

"ሁሉም አለ፣ ድልድዩ ብቻ ነው የሌለው" አለች ፓሜላ። አንድ ፖሊስ ወደ እሷ አንድ እርምጃ ሄደ።

ሁለት የአፈር ክምር ጎን ለጎን አሉ። አንዱ በነጭ ድንጋይ ተከቧል፣ አበባው ይዟል። ሌላው ራቁቱን ነው፤ ዝናብ ደፍጥጦት፣ የእኔ ዶሮዎች ጭረውት። በሁለቱም ላይ ስም የለም። ቆሞ አየና ፈገግ አለ፤ አዎ፣ ፈገግ አለ። ጣቱን ወደ ነጩ ድንጋይ ዘረጋ።

"ይኸው። ቢጠሉኝም ክብሬን አልነፈጉኝም። ይሄኛው ነው የእኔ። ቆፍሩ።"

ፓሜላ አፏን ስትከፍት እጇን ያዝኩት፣ አጥብቄ ያዝኩት። ጃዱኦንግ ኦዴሮ እኔን አዩኝና አንገታቸውን ደፉ። መንደሩ በሙሉ እኔን ጠበቀ።

እሱም ወደ እኔ ዞረ። "የግቢው ባለቤት አንቺ ነሽ? ይሄ አይደል?"

አንድ ቃል ብናገር ባሌ ይተርፍ ነበር። ልናገርም ነበር። ግን አንድ ነገር ጠበቅኩ። "ያኛውስ የማን ነው?" ብሎ እስኪጠይቅ ጠበቅኩ። አጠገቡ ሌላ መቃብር አለ፣ አፈሩ ገና አልደረቀም፣ እሱ የቆመው ራሷን በተላጨች ሴት ፊት ነው። ያኛው የማን ነው ቢለኝ ኖሮ፣ በኦሉዌኒ ስም እምላለሁ፣ ሁሉንም ነገር እነግረው ነበር፣ ይቅርም እለው ነበር። እሱ ግን ሰዓቱን አየ።

"ክቡርነትዎ መርጠዋል" አልኩት። "የመረጡት ነው።"

ፖሊሶቹ ቆፈሩ። አበባዬን በአካፋ ወረወሩት። ፍሬው ወጣ፣ ጠቁሮ፣ በሰማያዊው ሸሚዝ እንደተጠቀለለ። ክቡር ኦጉቱ ጎንበስ ብሎ በሁለት ጣቱ የሸሚዙን ኮሌታ፣ እኔ ገልብጬ የሰፋሁትን ኮሌታ፣ ከፍ አደረገው።

"እኔን በዚህ ጨርቅ?" አለ። በእውነት ተቀይሞ ነበር።

ፓሜላ እጄን ይዛ ባትሆን ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ከንፈሬን ነክሼ ደሙን ዋጥኩ።

በጉ ታረደ። ያ ሽማግሌ ደሙን ግንባሩ ላይ ቀባው፣ ውሃ ረጨው። ከዚያ ፍሬውን ተሸክመው ወንዙ ዳር ወረዱ፣ የድልድዩ ቁራጭ ተንጠልጥሎ በቀረበት፣ ያ የብረት ሰሌዳ በቆመበት ቦታ፣ እሱ ራሱ በሁለት እጁ አንሥቶ ወረወረው። ሸሚዙ ውሃው ላይ ተነፋ፣ ትንሽ ተንሳፈፈ፣ ከዚያ ሰጠመ። ኦሉዌኒ ሁለተኛ ጊዜ ውሃ ገባ። በዚህኛው ጊዜ ዳር ቆሜ በዓይኔ አየሁት።

"ይኸው በሕይወት አለሁ!" አለ ክቡርነታቸው ለካሜራዎቹ፣ እጁን ዘርግቶ። አጃቢዎቹ አጨበጨቡ። እኛ አላጨበጨብንም።

ሲመለስ እናቱ ደጅ ድጋሚ ቆመ። "እማ፣ ነጽቻለሁ፣ ክፈቺ" አለ። ዳኒ ጄኔሮዛ የእኔን ግቢ በሚያሳየው መስኮታቸው ሁሉንም አይተው ነበር፣ የትኛው መቃብር እንደተቆፈረም አይተዋል። አልከፈቱም። እሱ "እርጅና ነው" ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ።

ከዚያ በመጣው ምርጫ አሸነፈ። እንዴት እንዳሸነፈ አትጠይቁኝ፤ ከእኛ መንደር ወዲያ ብዙ መንደር አለ፣ ብዙ ዣንጥላም አለ። ምርመራው አሁንም እየተካሄደ ነው። እኛ ወንዙን በጀልባ እንሻገራለን፣ በዝናብ ጊዜ ደግሞ አንሻገርም።

ዳኒ ጄኔሮዛ አንዳንድ ጠዋት ምርኩዛቸውን ይዘው እኔ ግቢ ይመጣሉ፤ ዶሮ የጫረው ክምር አጠገብ ይቀመጣሉ። እኔም ሌላ የምቀመጥበት መቃብር ስለሌለኝ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። እሳቸው ለልጃቸው ያለቅሳሉ፣ እኔ ለባሌ። አንዴ "ኒያር ሳክዋ፣ ይቅር በይኝ" አሉኝ፣ "እርስዎ ምን አደረጉ ዳኒ?" አልኳቸው። "ወለድኩት" አሉ።

የኦዋላ ክንድ ሲድን መስቀሉን ሠርቶ አመጣልኝ። ጥሩ እንጨት፣ ስሙን በእሳት የጻፈበት፣ ኦሉዌኒ ይላል። ትከሻው ላይ ተሸክሞ ግቢው መሀል ቆመና ያንን አንድ ክምር አየ፣ ከጎኑ ያለውን ባዶ ጉድጓድ አየ።

"የት ልትከለው?" አለኝ።

ከጓዳዬ ግድግዳ ጋር አስደገፍነው። አሁንም እዚያው ነው።